ስለማይታይ ነገር ምስክርነት

ሰው ከጆሮው ይልቅ ዐይኑን አብልጦ የሚያምን ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በፊቱ የቆመ ነገር መልኩን በነፈገው ጊዜ ያ ነገር ፈጽሞ እንደ ጠፋ አድርጎ ይፈርድበታል፤ ፍርዱንም የሚሰጠው መርምሮ ሳይሆን ደንግጦ ነው። በጁባ ከተማ ካስተም በሚባለው ሰፈር፣ ሚኒባሱና ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ከየአቅጣጫው መጥቶ በሚተራመስበት ገበያ ዙሪያ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠገንባቸው ጠባብ ጠባብ ቤቶች አሉ፤ ወደ እነዚህ ቤቶች ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣ ያገሬ ሰው፣ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛም ይሁን ባለሱቅ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገረው ቃል ያው አንድ ነው፤ «ሞተብኝ» ይላል። በምን እንዳወቀ ሲጠየቅም «ስክሪኑ ጠቆረ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ማስረጃ የለውም።

አንድ ነገር ራሱን ለማሳየት እምቢ ባለ ጊዜ ስለ ህላዌው ምን ለማለት ይቻላል? ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ አይደለም፤ መናንያን በየበረሓው፣ ሊቃውንት በየጉባኤ ቤቱ፣ ልጃቸው በስደት የጠፋባቸው እናቶችም በየደጀ ሰላሙ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ኋላም በ2016 አጋማሽ፣ በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በራቸውን ቆልፈው ከወለሉ ላይ ተኝተው የጸለዩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አልነበሩም፤ እንዲህ ባለ ሌሊት «ይሰማኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የክህደት ሳይሆን የጭንቅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከጨለመ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ መመርመር ቀልድ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሠኝ።

ኮምፒውተር ሲከፈት የሚፈጽመው ሥራ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ኃይል ሰጪው ክፍል ኤሌክትሪኩ መስተካከሉን ለማዘርቦርዱ በምልክት ያስታውቃል፤ ፕሮሰሰሩም ያን ምልክት ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም። ከዚያ በኋላ በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ከተጻፈውና ባዮስ ከሚባለው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ቃል ያነባል፤ ቀጥሎ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማስታወሻ ይመረምራል፤ ራሙ ደኅና ሆኖ ከተገኘ የምስል ካርዱን ይቀሰቅሳል፤ በስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ልትታይ የምትችለው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚመለከተው፣ ከዚህ በፊት የሚደርሰውን ጕዳት ማሽኑ በስክሪን ሊናገር አይችልም፤ የሚናገርበት አካል ገና አልነቃለትምና። ሠሪዎቹ ይህን ችግር አስቀድመው ስላወቁት፣ ለዐይን መታየት በማይቻልበት በዚያ አጭር ጊዜ ማሽኑ ለጆሮ እንዲናገር አደረጉት። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ፒሲ የሚለውን ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣ ጊዜ፣ ሁሉም ደኅና ከሆነ አንዲት አጭር ጢጥታ፣ ሕመሙ ከምስል ካርዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ እንዲያሰማ ሠርቶት ነበር። በኋላ የመጡት ባዮስ ሠሪዎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዜማ አወጡ፤ አዋርድ የሚባለው ያንኑ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ይዞ ሲቀር፣ አሜሪካን ሜጋትሬንድስ የሚባለው የምስሉን ጕድለት በስምንት አጫጭር ድምፆች ያሳውቅ ነበር፤ ሦስት ብቻ ያሰማ እንደ ሆነ ግን ክሱ በራሙ ላይ ነበረ። ስለዚህ ድምፁን መስማት ብቻውን አይበቃም፤ የማን ድምፅ እንደ ሆነም ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ቦታ የጠጋኙ ሥራ ከአንድምታ መምህር ሥራ ጋር ይቀራረባል። መምህሩ ኃይለ ቃሉን ካስነበበ በኋላ «አንድም፣ አንድም» እያለ ፍችውን ይደረድራል እንጂ መጀመሪያ ወደ አፉ የመጣለትን ይዞ አይሮጥም፤ ጠጋኙም ድምፁን ሰምቶ «አንድም ራሙ ከቦታው ተነቃንቋል፣ አንድም ካርዱ በደንብ አልገባም፣ አንድም ገመዱ ተበጥሷል» ሲል ያስባል። ልዩነታቸው መምህሩ ፍችዎቹን ሁሉ አቅፎ መኖር ሲችል፣ ጠጋኙ ግን አንዱ ብቻ እስኪቀርለት ድረስ ሌሎቹን እየጣለ መሄድ ያለበት መሆኑ ነው።

መጣሉንም ከውጭ ወደ ውስጥ ይጀምረዋል። ዴስክቶፕ ከሆነ አስቀድሞ የስክሪኑን የራሱን መብራት፣ ቀጥሎ ገመዱን ያያል፤ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሕፈት ያወጣ ስክሪን እንደ ሞተ የሚቈጠር ሳይሆን ታማኝ ምስክር ነው፤ እኔ ነቅቻለሁ፣ የሚነግረኝ ግን አጣሁ ማለቱ ነውና። (ባለቤቱ ቤት ሲያጸዳ ገመዱን ከምስል ካርዱ ነቅሎ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ በመሰካት ብቻ ኮምፒውተሩን «የገደለበት» ጊዜ ከሚታመነው በላይ ነው።) ከውጭ ያለው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ክዳኑ ይከፈታል። በጁባ ከክዳኑ ሥር የሚገኘው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ዕዝራ የተባለው ኩባንያ የ33 ሜጋዋት ማመንጫውን ሥራ እስካስጀመረበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ዘመን የኖረችው በጄኔሬተር ነው፤ ዛሬም ቢሆን ጄኔሬተር ከየግቢው አልጠፋም፤ የጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለት ልማዱ ስለ ሆነ ማረጋጊያ ያላገኘውን ዕቃ ሁሉ ያዳክማል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ በራሙ ወርቃማ እግሮች ላይ እንደ ጢስ ያለ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ያ ሽፋን ከቅጠል የሳሳ ሆኖ ሳለ ማሽኑን ከነሙሉ አካሉ ያስተኛዋል። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የተማሪ ቤት ነጭ ላጲስ ነው፤ ጠጋኙ ራሙን ነቅሎ እግሮቹን በላጲሱ ቀስ አድርጎ ይፈትጋቸዋል፣ ፍርፋሪውን እፍ ይላል፣ መልሶም ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ይጫነዋል። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ኮምፒውተር ብዙ ነው።

ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት ምግብ ቤት ያላት እኅታችን የላከችው ላፕቶፕ ያገራችን ልጅ በሆነ ወጣት ጠጋኝ ፊት ተቀምጦ ነበር። ተከፍቷል፤ ነገር ግን ስክሪኑ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ድምፅም የለውም። ወጣቱ መፍቻ አላነሣም። ካፕስ ሎክ የምትባለውን ቁልፍ ተጫነ፤ በቁልፏ ጫፍ ያለችው የስንዴ ቅንጣት የምታህል መብራት በራች፤ ደግሞ ተጫነ፤ ጠፋች። ቀና ብሎም «ጋሼ፣ ይኼ አልሞተም፤ ይሰማል» አለኝ።

«ምኑን ነው የሚሰማው?» አልሁት።

«የነገርኩትን ነዋ! ቁልፏን ስነካት መብራቷን አብሪ፣ አጥፊ ብሎ የሚያዘው እሱው ራሱ ነው። የሞተ ቢሆን ማን ያዛታል?»

ከዚያም በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የስልኩን ባትሪ መብራት አብርቶ ወደ ስክሪኑ አግድም አዘነበለው። ከጥቁሩ ውስጥ፣ ከውኃ ሥር እንዳለ ጠጠር ደብዛዛ ሆኖ፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ገጽ ታየ፤ ከኋላውም የአንዲት ሕፃን ፎቶግራፍ ነበረ። የላፕቶፕ ስክሪን ሥዕሉን የሚያቆመው በአንድ ክፍል ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚያበራው ግን ከበስተጀርባው ያለ ሌላ መብራት ነው፤ የተበላሸው ይህ የኋላው መብራት ነበረ። ሥዕሉ ሳይጎድል በቦታው ቆሞ፣ የሚገልጠው ብርሃን ብቻ አጥቶ ሰነበተ ማለት ነው። ወጣቱ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሌላ ስክሪን ጋር ቢያገናኘው ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ታየ፤ አዲሱ ስክሪን ከካምፓላ በኒሙሌ መንገድ እስኪመጣ ድረስ እኅታችን እንዲሁ ስትሠራበት ቆየች።

ይሰማል የሚለው የወጣቱ ቃል በኅሊናዬ ዘርዐ ያዕቆብን አስነሣብኝ። የአክሱሙ ዘርዐ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ሁከት ከአገሩ ሸሽቶ፣ ዳዊቱን ይዞ፣ በተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሳለ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ከጸሎቱ መካከል ቆም ብሎ የምጸልየው ወደ ማን ነው፣ የሚሰማኝስ አለን ብሎ ራሱን እንደ ጠየቀ ሐተታ በሚባለው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። መልሱንም ለጊዜው ያገኘው ከዚያው ከዳዊቱ ነው፤ ለሰው ጆሮን የሰጠ ፈጣሪ ራሱ መስማት የተሳነው ሊሆን አይችልም ከሚለው ሐሳብ ተነሥቶ፣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ እንዲኖር ግድ ነው ወደሚለው ሙግት ይሻገራል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ስለማይታየው አምላክ መኖር የሚሟገተው ይህ ሰው የራሱ መኖር አከራካሪ መሆኑ ነው። የመጽሐፉን ቅጂ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የካፑቺን መነኵሴ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ተመራማሪው አንትዋን ዳባዲ ልኮት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሳይሆን መነኵሴው ራሱ ነው ብሎ ተነሣ፤ የፍልስፍና መምህሩ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ዓመት ደክሞ ለዘርዐ ያዕቆብ ተከራከረለት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን አላዩትም፤ የሚያዩት ብራናና ቀለም፣ ሰዋስውና ሐሳብ ብቻ ነው፤ ከነዚህ ምልክቶች ተነሥተው አንዱ ነበረ፣ ሌላው አልነበረም ይላሉ።

ለዘርዐ ያዕቆብ ያለኝ አክብሮት ሳይጓደል፣ ሙግቱ ግን በአንድ ነገር የጠጋኙን ያህል አያረካኝም። ጆሮን የሠራ መስማት ይችላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ አሁን፣ በዚህ ዋሻ፣ የእኔን ድምፅ ይሰማል ማለት ሌላ ነገር ነው። ከችሎታ ተነሥቶ ወደ ድርጊት መሻገሪያው ድልድይ በሙግቱ ውስጥ አልተሠራም። ወጣቱ ጠጋኝ ይህ ላፕቶፕ ጥሩ ፋብሪካ የሠራው ስለ ሆነ ይሰማል አላለም፤ ጠየቀው፣ መለሰለት።

እንዲህ አድርጎ የጠየቀ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ የለም እንዳይባል ጌዴዎን አለ። ጌዴዎን ሙግት አላማረውም፤ የበግ ፀምር በዐውድማ ላይ ዘርግቶ፣ ጠሉ በፀምሩ ላይ ብቻ ወርዶ ምድሩ ደረቅ እንዲሆን ለመነ፤ ሆነለትም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። እርሱ ግን ፀምር ከዐውድማ ይልቅ ጠል የመያዝ ጠባይ እንዳለው የተጠራጠረ ይመስል፣ በሁለተኛው ሌሊት ነገሩ ተገልብጦ ምድሩ ርሶ ፀምሩ እንዲደርቅ በፍርሃት ለመነ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ፀምር የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ተርጕማ በምስጋናዋ ስታነሣው ትኖራለች፤ ያ ትርጓሜ በክብሩ ጸንቶ ሳለ፣ ሁለተኛው ልመና በራሱ ሊደነቅ የሚገባው ይመስለኛል። ወጣቱም ቁልፏን አንድ ጊዜ ተጭኖ አልተዋትም፤ መብራቷ ቀድሞም በርታ የቀረች እንዳትሆን፣ ደግሞ ተጭኖ ስትጠፋ አይቷል።

አንዲት ምልክት ብቻዋን እንደምታሳስት የኮምፒውተሩ ፋን ጥሩ ማስረጃ ነው። ፋኑ ኤሌክትሪኩን በቀላል መንገድ ስለሚያገኝ፣ ፕሮሰሰሩ ፈጽሞ ተቃጥሎም እርሱ ሊዞር ይችላል፤ ባለቤቱም «ይዞራል እኮ!» እያለ ሲምል ይውላል። በሃይማኖትም ነገር የሰልፉ ብዛትና የድምፅ ማጉያው ጩኸት የፋን መዞር ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህን የምለው ጸናጽልንና ከበሮን ንቄ እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልኛል። በአንጻሩ ደግሞ ዝምታም የሞት ማስረጃ አይሆንም፤ ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ያቺ ጢጥ የምትል ትንሽ ድምፅ ማውጫ ሳይገጠምላቸው ስለሚመጡ፣ እየተጨነቁም ድምፅ አያሰሙም። አፍ ያልተሰጠውን ዝም አለ ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የጌዴዎን መንገድ ግን ለሁሉ አልተሰጠም፤ አምላክህን አትፈታተን የሚለው ሕግ ያለው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ካፕስ ሎክን እንደ ፈለግን የምንጫነው ኮምፒውተሩ የእኛ ሎሌ ስለ ሆነ ነው፤ ወደ ፈጣሪ የምትዘረጋ እንዲህ ያለች ቁልፍ በእጃችን የለችም። ምሳሌያችን የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ጠጋኙ የሠሪው የድምፅ ሰንጠረዥ አለው፣ መፍቻ አለው፣ ቢያቅተው ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ የሚጸልይ ሰው ከነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ ከጨለመ ስክሪን ተነሥቼ የእግዚአብሔርን መኖር አስረዳሁ የሚል ቢነሣ ከጥገና ቤቱም ከጉባኤ ቤቱም መባረር ይገባዋል። ከጠጋኙ የሚወሰደው ማስረጃው ሳይሆን ጠባዩ ነው፤ ይህም ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በካህኑ በዔሊ ነው።

በሴሎ ቤተ መቅደስ ዔሊ አርጅቶ ዐይኑም ፈዝዞ ማየት ተስኖት ነበር። ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ ዔሊም እኔ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሽማግሌው የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አስተዋለ፤ ሕፃኑንም እንዴት እንዲመልስ አስተማረው። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ ዔሊ ከመጀመሪያው ሕልም ነው ብሎ አልናቀውም፤ ከመጀመሪያውም የአምላክ ድምፅ ነው ብሎ አልጮኸም። በመጀመሪያ በቅርብ ያለውን ጠሪ፣ ይኸውም ራሱን፣ ከነገሩ አወጣ፤ ነገሩ በተደጋገመ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጠሪ ስላላገኘ የቀረው አንድ ብቻ ሆነለት። ሕፃኑ ጆሮ ነበረው፣ ድምፁም በግልጥ ደርሶታል፤ ፍችው ግን የተገኘው ድምፁን ካልሰማውና ማየት ከተሳነው ሽማግሌ ዘንድ ነው። በጎጃምና በጎንደር የቅኔ ቤቶች ዐይናቸው ሳያይ የተማሪውን ስሕተት ከዜማው የሚለዩ መምህራንን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

የዔሊ ታላቅነት ግን በማስተዋሉ ብቻ አይቆምም። ሲነጋ ሳሙኤል የሰማውን ለመናገር ፈራ፤ መልእክቱ በዔሊ ቤት ላይ የተፈረደ ጽኑ ፍርድ ነበርና። ዔሊ አንዳች እንዳትደብቀኝ ብሎ አጥብቆ ያዘው፤ ሰምቶም ፍርዱን ተቀበለ። የማይታየውን መኖር ከልቡ የሚሻ ሰው መልስ ሲመጣ ለእርሱ የሚደላ መልስ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ይወስናል፤ ዔሊ ይህን አላደረገም። በካስተምም ደንበኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ወይም የመመርመሪያው ዋጋ እንዳይቀር፣ «አለ፣ ይነሣል፣ ነገ ና» እያሉ የሚያመላልሱ ጠጋኞች አይታጡም። ኮምፒውተሩ የጠቆረበት ያገሬ ልጅ እንግዲህ ሞተ ከማለቱ በፊት ካፕስ ሎኩን ሁለት ጊዜ ይጫን፤ ወደ ጥገና ቤት የወሰደው እንደ ሆነም ዕቃውን ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ዲስኩን አውጥቼ ልስጥህና ገንዘብህን ያዝ ብሎ ፊት ለፊት ሊነግረው ለሚደፍር ሰው ይስጥ።